ዳማን ስላሠለጠናችሁልኝ የቀረበ ምስጋና

ለሕንፃችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለክቡር አቶ ባፈና
ሰንጋ ተራ፣ ልደታ

በቅድሚያ ለእርስዎና ለኮሚቴው አባላት በሙሉ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፤ ሊፍታችን እስኪጠገንም ድረስ ለጉልበትዎ ብርታቱን ይስጥልኝ። እኔ በአራተኛው ፎቅ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ውሻዬ ዳማ ግን ደኅና አይደለም፤ የምጽፍልዎትም ስለ እሱ ነው።

ኮሚቴው ባለፈው ጥር፣ ዳማ ጩኸት ስላበዛ በኮሚቴው በተመረጠ አሠልጣኝ እንዲሠለጥን፣ አለዚያ ከግቢው እንዲወጣ በደብዳቤ ሲያዝዘኝ፣ ከሁለቱ አንዱን እንድመርጥ ዕድል ስለሰጠኝ ሳላመሰግን አላልፍም። አሠልጣኙ አቶ እንድርያስም ክብ ማህተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝና ማህተም ሳይ እጄ ይታዘዛል። ቁጥሩን አየሁ፣ ቀኑን አየሁ፣ የዳማን ገመድ አስረከብኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያኔ እርስዎም እኔም ልንጠይቅ ይገባን የነበረውን እነሆ አሁን እዘረዝራለሁ።

፩ኛ. አሠልጣኙ ከዚህ በፊት ማንን አሠልጥነው ያውቃሉ? የምስክር ወረቀቱን ኮፒ በኋላ ረጋ ብዬ ሳነበው፣ ለአምስት ቀን ስለተሰጠ የእሳት አደጋ መከላከል ትምህርት የሚመሰክር ሆኖ አገኘሁት። በእሳት በኩል እንግዲህ ዳማ አያሰጋንም።

፪ኛ. ውሻው ሲሳሳት የሚታረመው በዳቦ ነው ወይስ በዱላ? ይህን አስቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ መልሱን ከዳማ ጀርባ ላይ ባላነበብኩት ነበር። አቶ እንድርያስ ውሻ ካልፈራ እንደማይማር፣ እማማ እያሉ በትሕትና አስረድተውኛል።

፫ኛ. ባለቤቱ መጥታ ማየት ትችላለች ወይ? በሁለተኛው ሳምንት ልደታ ማርያምን ተሳልሜ በዚያው ዳማ ወደሚሠለጥንበት ግቢ ሄጄ ነበር፤ ሥልጠናውን ታበላሻለች ተብዬ ከበር ተመለስኩ። ዳማ ድምፄን ሰምቶ ሲያለቅስ ሰማሁት። ማህተም ያለው ሰው ያውቃል ብዬ ትቼው መጣሁ። ይህን ጥፋት ለኮሚቴው አላካፍልም፤ የራሴ ነው።

፬ኛ. ሥልጠናውን ሲጨርስ ምን ዓይነት ውሻ ይሆናል? ዳማ ከተመለሰ ወዲህ አይጮኽም። ሻሽ ለማሰር እጄን ሳነሣ አልጋ ሥር ገብቶ ይሸናል። ባለቤቴ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በሬን ስከፍት ደስ የሚለው ፍጥረት እሱ ብቻ ነበር። አሁን ከእኔ ጋር የሚኖረው የሚፈራኝ ውሻ ነው፤ በጣም አዝኛለሁ።

ባለፈው ሰኞ ደግሞ ሁለተኛው ደብዳቤዎ ደረሰኝ። የውሃ ፓምፓችን ሲሰረቅ ውሻው ስላልጮኸ፣ ለግቢው አገልግሎት የማይሰጥ በመሆኑ ቅዳሜ እንዲወገድ ተወስኗል። ሲጮህ ስለጮኸ፣ ዝም ሲል ዝም ስላለ መጠየቁ፣ ኮሚቴው ለማንም እንደማያዳላ ያሳያል። ይግባኝ ለማለት ሞክሬ ነበር፤ ይግባኙን የሚመለከተው ያው ኮሚቴ መሆኑን ጸሐፊያችን ወይዘሮ ትሕትና በአክብሮት ገልጸውልኛል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እንደ አቤቱታ አይቁጠሩብኝ፤ መልስም አልጠብቅም።

ለመመሪያ ተገዢ በመሆን ሁለተኛ የማይገኝልኝ፣ የኮሚቴው ውለታ እስከ መቃብር የማይረሳኝ፣

ወለተሰንበት
ከአራተኛ ፎቅ

ግልባጭ፦
ለመግቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ውሻ ላላቸው ጎረቤቶቼ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅዳሜ የሚመጡት ሰዎች ገመድም ሆነ መርዝ የተቀባ ሥጋ ይዘው ባይደክሙ እመክራለሁ። ዳማ ማንም ይሁን ማን ተቀመጥ ካለው ይቀመጣል፤ ተነሥ እስኪባልም ድረስ ምንም ቢያደርጉት አይንቀሳቀስም። በዚህ በኩል ሥልጠናው ተሳክቷል።