ወይዘሮ ቬልዳ ግሪኒጅ እና የማለዳው ባሕር

(እ.ኤ.አ. 1944 – 2025)

ወይዘሮ ቬልዳ ኦሪን ግሪኒጅ ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ ለስልሳ ዘጠኝ ዓመታት በየማለዳው ይገቡበት የነበረውን ባሕር የተዉት ዓርብ፣ ማርች 4 ቀን 2022 ነው። የተዉትም በገዛ ፈቃዳቸው አልነበረም። ይህ ታሪክ ያን ቀን ሳይጠቅስ ቢነበብ ለአድማጭም ለጸሐፊም ይቀልል ነበር፤ እውነተኛ ግን አይሆንም።

ወይዘሮ ቬልዳ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ዳርንሊ ሆልደር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤርሚን ሆልደር፣ በባርቤዶስ ደሴት፣ በሴንት ፒተር ወረዳ፣ ሲክስ ሜንስ በተባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ኦገስት 12 ቀን 1944 ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ብቸኛ ልጅ ነበሩ።

በፌብሩዋሪ 1953 አባታቸው በራሪ ዓሣ ሊያጠምዱ ጎህ ሳይቀድ እንደ ወጡ ቀሩ። ወይዘሮ ቬልዳ አራት ቀን ሙሉ ከባሕሩ ዳር ሳይነሱ የሚገቡትን ጀልባዎች ቆጠሩ። የወጡት አሥራ አራት ነበሩ፤ የገቡት አሥራ ሦስት። ቁጥሩ በአራተኛውም ቀን አልተለወጠም። ከዚያ ወዲህ መቁጠር አልተዋቸውም። የቤቱን መዝጊያዎች ይቆጥሩ ነበር፤ በቤቱ የሚያድረውን ሰው እስትንፋስ ይቆጥሩ ነበር፤ በክፍል ውስጥ የቀረ ተማሪ ካለ ከመምህርቷ ቀድመው ያውቁ ነበር። እህል አልወርድ አላቸው። ልባቸው ሳይሮጡ እንደ ሮጠ ሰው ይመታ ጀመር። መንደሩ «ነርቭ» አለው።

እናታቸው የወሰዷቸው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደዚያው ባሕር ነበር። ጎረቤት ጭካኔ ነው ብሎ አማ። ወይዘሮ ኤርሚን ያን ማለዳ ለልጃቸው የተናገሩት ቃል በቤተሰቡ ውስጥ እስከ ዛሬ ይነገራል፦ «ባሕሩ አባትሽን ወስዷል፤ እውነት ነው። ግን ደሴት ላይ ተወልደሽ ባሕር ከፈራሽ፣ ፊትሽን ወዴት ልታዞሪ ነው?» ከዚያም መዳፋቸውን ከልጃቸው ማጅራት ሥር አስገብተው በጀርባ አንጋለሏቸው። ጆሮ ከውኃ በታች ሲሆን የዓለሙ ድምፅ ይቀራል፤ የሚሰማው የራስ ትንፋሽ ብቻ ነው። ወይዘሮ ቬልዳ ዋና እስከ ዕለተ ሞታቸው አልቻሉም። መንሳፈፍ ግን ቻሉ፤ በዚያም ማለዳ፣ ከአባታቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምንም ሳይቆጥሩ ቆዩ።

ትምህርታቸውን በወረዳቸው የሴቶች ትምህርት ቤት ተከታትለው፣ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ልብስ ስፌት ገቡ፤ ለሃምሳ ሁለት ዓመታትም፣ እስከ 2011 ድረስ፣ የተማሪዎችን የደንብ ልብስ ሰፉ። በሴንት ፒተር የወይዘሮ ቬልዳን ሽንሽን ቀሚስ ሳትለብስ ያደገች ሴት ጥቂት ናት። እሳቸው የተኮሱት ሽንሽን በሴፕቴምበር ከተለበሰ እስከ ገና አይፈታም ይባል ነበር። ካውያ የነካ ሰው በዚያው ቀን ባሕር ቢገባ ብርድ ይመታዋል የሚለውን የእናታቸውን ደንብ ስለሚያከብሩ፣ ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው እንኳ ከባሕር ሳይመለሱ ካውያ አንስተው አያውቁም። ደንበኛም ይህን አውቆ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት በራቸውን አያንኳኳም ነበር።

በ1969 ከአውቶቡስ ሹፌሩ ከአቶ ካርላይል ግሪኒጅ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው፣ በ1972 ሮዛሊንድን፣ በ1975 ዴርሞትን ወለዱ። ሮዛሊንድ ጃማይካ ሄዳ በዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ አጥንታ ተመልሳ፣ በስፓይትስታውን ከተማ በመድኃኒት ቀማሚነት ትሠራለች። ዴርሞት እንደ አባቱ አውቶቡስ ይነዳል። አቶ ካርላይል በ2009 ዐርፈዋል።

የወይዘሮ ቬልዳ ማለዳ ዘወትር አንድ ዓይነት ነበር። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥተው ከጓሯቸው የቀጠፉትን ጠጅ ሣር ከዝንጅብል ጋር አፍልተው፣ ስኳር ሳይነካው አንድ ኩባያ ይጠጣሉ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ባሕሩ ዘንድ ይደርሳሉ። ከወጡ በኋላ እስከ እኩለ ቀን ገላቸውን በሌላ ውኃ አያለቀልቁም፤ «ጨው ሥራውን ይጨርስ» ይላሉ። ቁርስ ሳይበሉ ዜና አይሰሙም። ማታ ማታ የግሽጣ ቅጠል ቀቅለው ይጠጣሉ። ልጃቸው ክኒኖቻቸውን በሳምንቱ ቀናት ከፋፍላ በምታስቀምጥበት ሣጥን አጠገብ ቅጠሉንም በብርጭቆ ያኖሩት ነበር፤ ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። ስለ ባሕሩ ሲጠየቁ «ፊትሽን ትታጠቢ የለም? እኔም እንደዚያው ነው» ከማለት በቀር ምክንያት አይደረድሩም።

በባሕሩ ዳር ዝቅ ያለ የድንጋይ ግንብ አለ። የማለዳው ባልንጀሮች ሲሊፐራቸውን በዚያ ግንብ ላይ ጥንድ ጥንዱን ደርድረው ይገባሉ። ሥርዓቱን ያስጀመሩት ወይዘሮ ቬልዳ ናቸው፤ በመጨረሻ የሚወጣ ሰው ሲሊፐሮቹን ዐይቶ፣ ውኃው ውስጥ የቀረ አለመኖሩን እንዲያውቅ ነው። በመጨረሻ የሚወጡትም ምንጊዜም እሳቸው ነበሩ።

ጡረታ የወጡት ፖሊስ ሳጅን ኖርማን ትሮትማን በዚህ ሳይቀልዱ አይውሉም ነበር። «እኔ እስረኛ እንኳ እንዲህ ቆጥሬ አላውቅም» ይላሉ።

«ስላልቆጠርክ አይደል ሁለቱ ያመለጡህ» ይሏቸዋል ዓሣ ሲሸጡ የኖሩት ሚስ ኡና ባብ፣ የወይዘሮ ቬልዳ የልጅነት ጓደኛ።

ወይዘሮ ቬልዳ ዐይናቸውን ሳይገልጡ «ዝም ብላችሁ ተንሳፈፉ። ዘጠኝ ገብታችኋል፤ ዘጠኝ ትወጣላችሁ» ይላሉ።

ማርች 4 ቀን 2022 ሁሉም ወጥተው ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ፣ በግንቡ ላይ ከወይዘሮ ቬልዳ ሲሊፐር ሌላ አንድ ጥንድ ቡናማ ሲሊፐር ቀርቶ ነበር። የሳጅን ትሮትማን ነበር። ወይዘሮ ቬልዳ በሰባ ሰባት ዓመታቸው፣ ደረቅ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፣ ተመልሰው እስከ አንገታቸው ውኃ ውስጥ ገቡና የሳጅኑን ስም ይጣሩ ጀመር። ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ሲያወጧቸው ልባቸው ምቱን ስቶ ነበር። ሳጅን ትሮትማን በዚያ ሰዓት ቤታቸው ተቀምጠው ዳቦ በዓሣ ይበሉ ነበር። የእኅታቸው ልጅ በመኪና ልትወስዳቸው ስትመጣ አዲስ ጫማ ገዝታላቸው ስለነበር፣ አሮጌውን የሚጥለው አይጠፋም ብለው እዚያው ትተውት ሄደዋል።

በማግስቱ ሆስፒታል መጥተው ከአልጋው ግርጌ ቆሙ። «የሞትኩት እኔ፣ የተኛሽው አንቺ» አሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ያን ሲሊፐር ሳጅኑ እስከ ዛሬ አልጣሉትም።

ወይዘሮ ቬልዳ በሆስፒታል አምስት ቀን ቆዩ። በሚወጡበት ቀን ሐኪማቸው ዶክተር ፓድሞር ሮዛሊንድን ወደ ኮሪደሩ ጠርተው እንዲህ አሏት፦ «ባሕር ብቻቸውን እንዳይገቡ። ሰው አጠገባቸው ይኑር እንጂ ውኃው አይጎዳቸውም፤ ጭንቀታቸውን ካረገበላቸው ለልባቸውም ደግ ነው።» ሮዛሊንድ ወደ ክፍሉ ተመልሳ ለእናቷ የነገረቻቸው «እማዬ፣ ዶክተሯ ባሕር እንዳትገቢ ብላለች» ብላ ነው።

ሮዛሊንድ መድኃኒት ቀማሚ ናት። በብልቃጥ ላይ ከሚለጠፍ ጽሑፍ አንዲት ቃል ብትጎድል ምን እንደሚከተል ሊነግሯት አያስፈልግም። «ብቻቸውን» የምትለውን ቃል ያስቀረችው ረስታ አይደለም። ባሕሩ አያቷን ያስቀረ ባሕር ነው። እሷንም በስድስት ዓመቷ እናቷ ሊያንሳፍፏት ሞክረው፣ ሰውነቷ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ውኃ ውጣ፣ እሳቸውም ደንግጠው «በቃ፣ ነገ ትሞክሪያለሽ» ብለው አውጥተዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ የባሕር ውኃ ከቁርጭምጭሚቷ አልፎ አያውቅም።

ወይዘሮ ቬልዳ የሐኪም ቃል የሚያከብሩ ሰው ነበሩ። ሳይከራከሩ ለሁለት ዓመት ከስምንት ወር ከባሕሩ ተለዩ። የልጅነታቸው ሕመም ተመለሰባቸው። መዝጊያዎቹን ይቆጥሩ ጀመር። ጠጅ ሣሩን አፍልተው ሳይጠጡት ይቀዘቅዛል። ሮዛሊንድ በየሳምንቱ የምትለካው የደም ግፊታቸው ወጣ፤ የክኒኑ መጠን ሁለት ጊዜ ከፍ ተደረገ፤ ሁለቱንም ጊዜ መድኃኒቱን ያዘጋጀችው እሷው ናት። ወደ ሥራ ቦታዋም በቀን አራት አምስት ጊዜ ይደውሉ ነበር።

«አለሽ?»

«አለሁ፣ እማዬ።»

«ዴርሞትስ?»

«እሱም አለ።»

ከዚህ ሌላ አይናገሩም፤ ስልኩ ይዘጋል።

ሚስ ኡና ዓርብ ዓርብ በባልዲ የባሕር ውኃ ይዘው ይመጡላቸው ነበር። «ባሕሩ ናፍቃኛለች፣ እግሯን እንኳ ሳሚልኝ ብሎኛል» ብለው ባልዲውን ከወንበራቸው ፊት ያኖራሉ። ወይዘሮ ቬልዳም እግራቸውን ከትተው፣ ውኃው እስኪሞቅ ድረስ አብረው ይቀመጣሉ። ሮዛሊንድ አንድ ዓርብ ከበሩ ሆና ይህን ዐየች። ሳትገባ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያን ቀን መናገር ትችል ነበር፤ ከዚያም በኋላ ባሉት ዓርቦች።

ኖቬምበር 14 ቀን 2024 ለምርመራ በሄዱበት፣ ዶክተር ፓድሞር የልባቸውን ምት እያዳመጡ «ባሕሩስ እንዴት ነው፣ ወይዘሮ ግሪኒጅ? አብሮዎት የሚገባው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ወይዘሮ ቬልዳ ልጃቸውን ዐዩ። እይታቸው ረጅም አልነበረም። «ገና እየመረጥን ነው» ሲሉ ለሐኪሟ መለሱ።

በመኪና ተመልሰው ስፓይትስታውን ደረሱ።

«ፈርተሽ ነው?» አሉ ወይዘሮ ቬልዳ።

«አዎ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«በየቀኑ።»

«ነርቬን ብቻ ወረስሽ» አሉ። «የተሻለ ነገር ነበረኝ፤ እሱን አልወሰድሽልኝም።»

በዚህ ጉዳይ ከዚያ በኋላ የተናገሩት ነገር የለም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 18 ቀን ወደ ባሕሩ ተመለሱ። ሚስ ኡና መዳፋቸውን ከማጅራታቸው ሥር ይይዙ ነበር፤ ሳጅን ትሮትማን ከበስተእግራቸው ይቆሙ ነበር። ሮዛሊንድ ከሥራ በፊት በየማለዳው እየመጣች ግንቡ ላይ ተቀምጣ ሲሊፐሮቹን ትቆጥራለች። ወይዘሮ ቬልዳ ወደ ውኃው ሊወርዱ ሲሉ ዞር ብለው «ትመጫለሽ?» ይሏታል። «ነገ» ትላለች። «ነገ ይሁን» ይላሉ።

ማዕበል የከለከላቸው ቀናት ሳይቆጠሩ ሃምሳ ሦስት ማለዳ ገቡ። ክኒናቸውን አላቋረጡም። መዝጊያዎቹን መቁጠር ግን ተዉ፤ ስልኩም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱም ስለ ምሳ ለመጠየቅ፣ ይደወል ጀመር። የሃምሳ ሦስተኛው ማለዳ መልስም «ነገ» ነበር።

ጃንዋሪ 18 ቀን 2025 በቤታቸው ሳሉ በጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ። በሆስፒታልና በቤታቸው በሕክምና ሲረዱ ሰነበቱ። ሮዛሊንድ ከባሕሩ የመጣ እንደሆነ ሐኪሟን ሁለት ጊዜ ጠየቀች፤ ሁለት ጊዜም አይደለም ተባለች። ከባሕሩ ተለይተው የቆዩባቸው ዓመታት ድርሻ ይኑራቸው አይኑራቸው አልጠየቀችም። አንደበታቸው ተይዞ በነበረባቸው በእነዚያ ሳምንታት፣ ትራሳቸውን ልታስተካክል መዳፏን ከማጅራታቸው ሥር ባስገባች ቁጥር ትከሻቸው ይላላ፣ ዐይናቸውም ይከደን ነበር። ትራሱን ከሚያስፈልገው በላይ ደጋግማ አስተካክላለች።

ወይዘሮ ቬልዳ ኦሪን ግሪኒጅ ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2025፣ ሊነጋ ሲል፣ በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው ልጆቻቸው ባሉበት ከዚህ ዓለም ተለዩ። ሴት ልጃቸው ሮዛሊንድ፣ ወንድ ልጃቸው ዴርሞት፣ የዴርሞት ልጆች ኪሻና ጃማል፣ እንዲሁም የማለዳ ባልንጀሮቻቸው ከእሳቸው በኋላ ቀርተዋል። በሕመማቸው ወቅት በየቀኑ እየመጡ ለጠየቁ፣ በተለይም ባልዲያቸውን እስከ መጨረሻው ዓርብ ላላስቀሩት ለሚስ ኡና ባብ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ባሕርን የፈጠረ አምላክ፣ አባቷን ጠብቃ ላጣችው ለዚያች የስምንት ዓመት ልጅ ምላሹን በእጁ ይስጣት፤ ነፍሳቸውንም ተቆጥሮ የሚጎድል ሰው በሌለበት ስፍራ ያሳርፍ።

የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ዛሬ፣ ቅዳሜ፣ ማርች 1 ቀን 2025፣ ከጸሎቱ በኋላ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ይፈጸማል።

ሰኞ፣ ማርች 3 ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሮዛሊንድ ግሪኒጅ ሲሊፐሯን በግንቡ ላይ አኑራ ባሕር ትገባለች።