ፊደሉ ጎብጦ፣ ቀለሙ ቀጥ ብሎ

ሰኞ፣ ኅዳር 14

ከፍተኛ ጠቀሜታ ያለው ዜና፦ ለአራት ቀናት ደብዛው ጠፍቶ የነበረው የሬዲዮኔ የባትሪ ክዳን ዛሬ ረፋዱ ላይ ከስኳር ዕቃው ውስጥ በሙሉ ጤንነት ተገኝቷል። ማን እንደከተተው ምርመራው ቀጥሏል። መርማሪውም ተጠርጣሪውም እኔው ስለሆንኩ ብዙ ባይጠበቅ ይሻላል።

የልጅ ልጄ፣ ጉንዳን የምላት፣ ከማተሚያ ቤት ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። የሙከራ ወሯ ዓርብ ያልቃል። አለቃዋ የመጨረሻ ሥራ ሰጥቷታል... የአንድ ዳቦ ቤት ታፔላ። ስሙ እንደ ቀስት ጎብጦ ይጻፍ፤ ቀለሙ ከእያንዳንዱ ፊደል እግር ቡናማ ሆኖ ተነስቶ አናቱ ላይ ወርቃማ ይሁን፣ እንደ ዳቦ ቅርፊት። ካልሆነላት ትሰናበታለች። እስካሁን ከሁለት ቦታ ተሰናብታለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15

ኮምፒውተሯን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ትታገላለች። ከጀርባዋ ቆሜ አየሁ። ፊደሎቹ አምረው ጎብጠዋል። ቀለሙ ግን ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። መሐል ያሉት ፊደሎች ከፍ ስላሉ ድፍን ወርቃማ፤ ዳርና ዳር ያሉት ድፍን ቡናማ።

«መሐሉ አልበሰለም፣ ዳሩ አርሯል» አልኳት። «ጋጋሪው እንዳይከስሽ።»

ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል ቁልፎቹን መጫኗን ቀጠለች።

«አርባ ዓመት ታፔላ ስጽፍ እንዲህ ያለ ጥሬ...»

«አባባ፣ ይበቃል። ዓርብ ስባረር እርስዎ ይስቃሉ።»

ኮምፒውተሯን ታቅፋ ክፍሏ ገባች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር። ይህ ምላሴ ግን ምን ቢደረግ ይሻላል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 16

ሻይ ቀዳሁላት። እዚያው ቀዘቀዘ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 17

በሯን አንኳኳሁ። ክር፣ ምስማር፣ እርሳስና አሮጌ ካርቶን ይዤ።

«ምንድን ነው፣ አባባ?»

«ይቅርታ ነው። በክር የታሰረ።»

ሳቀች... ትንሽ።

እኛ ጎባጣ ስንጽፍ ከጽሑፉ በታች ራቅ አድርገን ምስማር እንመታለን። ክር አስረን በጫፉ እርሳስ እናዞራለን። ፊደሉም ቀለሙም የሚለካው ከዚያች ምስማር ነው። እሷ ምስማሩን ያዘች፣ እኔ እርሳሱን። ሁለት ቀስት አወጣን፤ አንዱ ለፊደሎቹ እግር፣ አንዱ ለአናታቸው።

«ኮምፒውተር ላይ ምስማር የለም እኮ።»

«ታዲያ ለምን ገዛሽው?»

ካርቶኑን ትኩር ብላ አየችው። ቆየች። ከዚያ ቀጥ ያለውን ቀለም ትታ በክብ የሚሰፋውን መረጠች። የክቡን መሐል ጎትታ፣ ጎትታ፣ ከጽሑፉ በታች ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈችው... ምስማሩ የሚመታበት ጋ። ቡናማውን እግራቸው ላይ፣ ወርቃማውን አናታቸው ላይ አስቆመች።

ሁሉም ፊደል እኩል በሰለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 19

ትናንት ተቀጠረች። አለቃዋ ታፔላውን ለረጅም ጊዜ አየና «ይህን ያስተማረሽ ሰው ይምጣ፣ እጁን ልጨብጠው» አለ።

አላለም። «ሰኞ በሰዓቱ ግቢ» ነው ያለው፣ አለቀ። መጨባበጡን የጨመርኩት እኔ ነኝ። «ሌላስ ምን አለ?» አልኳት። «ምንም።» ስለ እኔ አላነሳችለትም። እንዳታነሺ ብያት ነበር... ይኼም ውሸት ነው። ጠብቄ ነበር።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች፣ ከታች ጀምራ «አባባ! አባባ!» እያለች መምጣቷ ግን እውነት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።