ሳይሰካ የሚመረጥ ቤዝ

ይድረስ ለልጅ ልጄ፦ እንደ ቤዝ ጊታርህ ክር ሳትላላም ሳትበጠስም እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ አያትህም እንደ ድሮዋ ትቆጣኛለች።

"ለራስህ ቀለል ያለ ቤዝ ጊታር ግዛ" ብለኸኝ ሱቅ ሄጄ ነበር። ሻጩ የአሻንጉሊት ታናሽ ወንድም የሚመስል ነገር አቀበለኝ።

"አባባ፣ ይሄ ትከሻ አይጎዳም፤ አንገቱም ቀጭን ነው።"

"ድምፁም እንደ አንገቱ ነው" አልኩት።

ቤዝ የሚመረጠው ከድምፅ ማጉያው ጋር ሳይሰካ፣ አገጭን እንጨቱ ላይ አስደግፎ መሆኑን እንኳ አያውቅም። እሱ እየመታ እኔ በአገጬ አዳመጥኩት፤ ትንኝ ይሻላል። "እስቲ ራስዎ ይሞክሩት" ሲለኝ፣ ለእንዲህ ያለ ጣውላ ብዬ ግራ እጄን ከኪሴ ማውጣቱን ንቄ ወጣሁ።

አሁን ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ አያትህ ናት፤ በስተርጅና ፍቅር ጸንቶባት ነው። ከባዱን ቤዜን ግን ለማንም አልሰጥም። ስትመጣ አጠገቤ ትቀመጥና አንተ በግራህ አንገቱን ትይዛለህ፣ እኔ በቀኜ እመታለሁ። ለቀልድ ያህል ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

አያትህ "ቶሎ ይምጣ" ብላ ሰላምታዋን ልካልሃለች። እኔ እንኳ አልቸኩልም፤ ቤዙን ግን ከሣጥኑ አውጥቼ ወንበርህ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ደህና ሁንልኝ፤

ሲያበሽቅህ የኖረው አያትህ