የእናቴን ድምፅ ከደረጃው ሥር ስላስነሡልን

ለተከበሩ የአሮጌው ገበያ አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጆሮዎ ከማንኛውም ሕመም እንዲጠበቅ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ የአዳራሹን የድምፅ ጉዞ ያዘጋጀሁት ባለሙያ ነኝ። ጎብኚው ማዳመጫ አድርጎ ሲዘዋወር፣ በደረሰበት ቦታ ሁሉ ድሮ እዚያ ይሰማ የነበረው ይሰማው ነበር፤ ከሚዛኑ አጠገብ የነጋዴዎቹ ክርክር፣ ከደረጃው ሥር ደግሞ የልብስ ሰፊዋ እናቴ የስፌት መኪና ድምፅና ጨዋታ። ከማረፏ ጥቂት ቀደም ብዬ፣ እዚያው ወንበሯ ላይ እያለች ነበር የቀዳኋት። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ያን ሁሉ ድምፅ አስነሥተው የሆቴል አሳንሰር ሙዚቃ ስለተኩልን፤ ምክንያቱን ልጠይቅ ቢሮዎ ስመጣም «የሞተ ሰው ድምፅ ጎብኚ ያስደነግጣል» ብለው በትዕግሥት ስላስረዱኝ።

ሁለተኛ፣ ዋናውን ቅጂ ስላስደመሰሱ። ውላችን ለራሴ እንዳላስቀር ይከለክለኝ ስለነበር ሌላ ቅጂ የለም።

ሦስተኛው ስለ አባቴ ነው። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ እርስዎም ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሳያዩት አልቀሩም። እናቴ በቀረጻው ውስጥ አንዱን ደንበኛ «ቁም እንጂ፣ ልለካህ!» ስትለው፣ አባቴ ማዳመጫውን እንዳደረገ ብድግ ብሎ «ቆሜያለሁ» ይላት ነበር። ሰው ቢስቅበትም ግድ አልነበረውም።

ሙዚቃው የገባ ዕለት ግን ለረጅም ጊዜ ካዳመጠ በኋላ ዘበኛውን «ዛሬ ሥራ በዝቶባት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ዘበኛው አንጀቱ አልችል ቢለው «አዎ አባባ፣ ትንሽ ይጠብቋት» አለው። አባቴም ጠበቀ። በሩ ሊዘጋ ሲል ደርሼ ማዳመጫውን ከጆሮው ላወልቅ ብሞክር እጄን ያዘኝና «ተው ልጄ፣ አሁን ትመጣለች» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ወደ አዳራሹ አልሄደም። ባለፈው ሰሞን ቤት ተቀምጠን ሳለ «እናትህ እንዴት ነበር የምትለው?» አለኝ። በእሷ አነጋገር ልልለት ሞከርኩ። አንገቱን አዘንብሎ ሰማኝና «አይ፣ እንደሱ አልነበረም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ድምፅ መሥራት ሙያዬ ሆኖ ሳለ የእሷን አንዲት ቃል እንኳ መሥራት አልቻልኩም።

ለሰጡን ጸጥታ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ ባለውለታዎ የምሆን፣

የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ መግቢያው ላይ የሰቀሉትን «እዚህ ታሪክ ይናገራል» የሚል ጽሑፍ እባክዎ አያውርዱት። በአዳራሹ ውስጥ የቀረን ቀልድ እሱ ብቻ ነው።