ከዙፋኑ አጠገብ የነበረው መታጠቢያ

ሌኒንግራድ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1938

ለውድ እናቴ ለኡስቲኒያ፤

ከሩቅ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ጤንነትዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ቦት ጫማዬም ገና ውሃ አያስገባም። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ሳይሆን በጎረቤታችን በፓኾም እጅ የላክሁት አስቤበት ነው። እርሱው ያንብብልዎ፤ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ይጨምሩት።

የማገለግላቸው ሠዓሊ ኒካንድር ሉኪች፣ የጥንቱ ንጉሥ የውጭ አገር መልእክተኛ ሲቀበል የሚያሳየውን ትልቅ ሥዕል ጨርሰው ነበር። ከዙፋኑ አጠገብ የነሐስ ማንቆርቆሪያና መታጠቢያ ሥለዋል፤ በዚያ ዘመን ንጉሡ የባዕድ ሰው እጁን ከሳመው በኋላ ይታጠብ ነበርና። ሥዕሉ የውጭ እንግዶች በሚስተናገዱበት አዳራሽ ሊሰቀል ሲል ኃላፊው ጓድ ዙባረቭ መጥተው አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው? እንግዳ ጨብጦ እጁን የሚታጠብ አለ እንዴ?» አሉ።

«የዛሬዎቹን እንጃ፤ የዱሮዎቹ ግን ይታጠቡ ነበር» አሉ ኒካንድር ሉኪች።

ማንም አልሳቀም።

መታጠቢያው በምንጣፉ ቀይ ቀለም እንዲሸፈን ታዘዘ። የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ኒካንድር ሉኪች የታችኛው ቀለም ገና ስላልደረቀ ጥቂት እንዲታገሡን ለመኑ፤ ጓድ ዙባረቭ ግን «እንግዶች ቀለም እስኪደርቅ አይጠብቁም» ብለው በማግስቱ አሰቀሉት። በአዳራሹ ሙቀት ቀዩ ተሰነጣጠቀ። ባለፈው ሳምንት አንድ አምባሳደር ከሥዕሉ ሥር ቆሞ ሲነጋገር የነሐሱ ቢጫ በስንጥቁ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። ሰውየው ቀና ብሎ አየው፤ ቀጥሎም የራሱን እጅ አይቶ ፈገግ አለ ይባላል።

ኒካንድር ሉኪችን ሰኞ ዕለት ወሰዷቸው። ባለቤታቸው ስንቅ ይዘው እስር ቤቱ ቢሄዱ «እዚህ የለም» ተብለው ተመለሱ።

ትናንት ደግሞ እኔ ተጠራሁ። ጓድ ዙባረቭ በእጃቸው ሻይ ቀዱልኝ።

«ሆን ብሎ ነው ስስ ቀለም ያስቀባህ፣ አይደል ኤሮፌይ? አራት ዓመት ተምረሃል፤ ይህን ብለህ መፈረም አያቅትህም» አሉኝ። እስከ ነገ እንዳስብበትም ፈቀዱልኝ።

እናቴ ሆይ፣ አስቤበታለሁ። የምናገረው ያየሁትን ብቻ ነው፤ ቀለሙ አለመድረቁን፣ ያጣደፈንም ማን እንደሆነ።

ስለዚህ ለገና አይጠብቁኝ። ቤት የተውኩትን የበግ ለምድ ካፖርት ታናሼ ግሪሻ ይልበሰው፤ ለብል ከሚቀር ይሻላል። ስለ እኔ የሚጠይቅዎ ቢኖር «ከጻፈልኝ ቆየ» ይበሉ። ስንቅም አይላኩ፤ አድራሻዬ ሊለወጥ ይችላል።

ጉንፋኑ እንዳይበረታብዎ ምድጃው አጠገብ ይተኙ። ጸሎትዎ አይለየኝ፤ እግዚአብሔር እርስዎንም ግሪሻንም ይጠብቅልኝ። ደጁ ሲንኳኳ እኔ መስዬዎት ፈጥነው አይክፈቱ።

ጉልበትዎን የሚስም ልጅዎ
ኤሮፌይ