እንጦጦ ላይ የጠበቁሽ ተማሪዎች

ኮተቤ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለሒሩት፣
ኖርዌይ

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም የሚያኮርፈው ዳገት ሲያይ ብቻ ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። «ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ» ብለሽ ጀምረሽ፣ «ወደ ሥራዬ ስለማልመለስ እንዲያሰናብቱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ» ብለሽ ጨርሰሻል። ኃላፊው እኔው ብሆንም፣ አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖረን «እርስዎ» ስትይኝ የመጀመሪያሽ ነው። ቅር ብሎኛል፣ አልደብቅሽም። ለባልሽ የጻፍሽው ሌላ ወረቀት ይኖር እንደሆነ ብዬ ፖስታውን ገልብጬ አራገፍኩት። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት።

አራት ዓመት ሙሉ የኮርስ ድልድል ስሠራ ከስምሽ አጠገብ «በትምህርት ፈቃድ ላይ» እያልኩ እጽፍ ነበር። መደቡ በስምሽ ስለተያዘ ሌላ መምህር መቅጠር አይቻልም። ያንቺን ሰዓት የምትሸፍነው ሲግናል ሰፈር የምትኖረው ወጣቷ መምህርት ኪያ ናት። አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ በዚያ ላይ አሥራ ስምንት ክሬዲት ተሸክማለች። አንድም ቀን አጉረምርማ አታውቅም። እኔም ዝምታዋን እንደ ፈቃደኝነት ቆጠርኩላት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ፤ ያማሰልኩትንም አሳረርኩት።

የዘንድሮውን ድልድል የሠራሁ ዕለት ማለዳ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ የቢሮዬን መስኮት ሞልቶት ነበር። ግቢው፣ ዛፉ፣ የጥበቃው ቤት ሁሉ ጠፍቶ፣ በዚያ ነጭ ውስጥ አንቺ ግራጫ ሹራብሽን ለብሰሽ ስትመጪ ያየሁሽ መሰለኝ። እጄ ዝም ብሎ «የመስክ ጂኦግራፊ፦ ሒሩት» ብሎ ጻፈ። «በትምህርት ፈቃድ ላይ» የሚለውን አልጨመረም። እኔም ፈርሜ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት።

የዚህ ኮርስ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ እንጦጦ ላይ እንዲሆን ያስለመድሽው አንቺ ነሽ። ልጆቹም ልማዱን ይዘው ቅዳሜ ጠዋት ወጡ። የክፍሉ ተጠሪ ኤልቃና ደወለልኝ።

«ሰር፣ መምህርት ሒሩት እስካሁን አልመጡም። እንጠብቅ ወይስ እንውረድ?»

ምን ብዬ የመለስኩለት ይመስልሻል? «ጠብቁ፣ ይመጣሉ» አልኩት።

በታክሲ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ደርሼ ከዚያ በእግሬ ወጣሁ። አትሳቂብኝ፣ መንገዱን ሙሉ አምኜበት ነበር። ባህር ዛፉ ጤዛ ያንጠባጥባል፣ ሰው ሁሉ ከጉም ውስጥ ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። ስደርስ ሠላሳ ሁለቱም ልጆች ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ የሴት ድምፅ ያስተምራቸዋል። በጉሙ ውስጥ ግራጫ ሹራብ እየፈለግሁ ተጠጋሁ።

ኪያ ነበረች። ተማሪዎቹ ለእሷም ደውለውላት ኖሯል። ድንጋይ ተደግፋ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ የሸለቆውን አቅጣጫ ታሳያቸዋለች። ሲጨርሱ ወደ ዳር ወሰደችኝ።

«ጋሽ ታዴዎስ፣ እሳቸው እንደማይመጡ እርስዎም ያውቃሉ» አለችኝ በቀስታ። «እኔ ደግሞ ከዚህ በላይ አልችልም። እዚህ ስወጣ ሁለቴ ቁጭ ብያለሁ።»

አፈርኩ፣ ሒሩት። ቦርሳዋን ተቀብዬ እስከ ታክሲው ድረስ ቀስ ብለን ወረድን።

ሰኞ ዕለት መሳቢያውን ከፈትኩ። ስምሽን ከድልድሉ አወጣሁ፤ ለመደቡ ማስታወቂያ እንዲወጣ ጠየቅሁ። እስከዚያ ኮርስሽን እኔ ይዤዋለሁ። ጉልበቴ እንደ ፍጥርጥሩ ይሁን።

የትምህርት ክፍሉን መልስ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። «ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቷል» ይላል፤ ፊርማም ማኅተምም አለው። እንግዲህ ኃላፊው የተጠየቀውን መልሷል። ባልሽን ግን የጠየቅሽው ነገር ስለሌለ፣ ምን ብሎ እንደሚመልስልሽ አያውቅም።

ብርዱን ያቅልልሽ፤ የጀመርሽውን ለፍሬ ያብቃልሽ። ግራጫው ሹራብ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከፈለግሽው እልክልሻለሁ።

ታዴዎስ
(ያለ ማኅተም)