ሪህ የወሰዳት ልጄ

ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.፣ አዳማ

ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ጎረቤቶቼ ተሰብስበው መጡ። በሩን ስከፍት ልጄን አስካለን እንዳጣኋት ገባኝ። ሐኪሙ ሪህ ነው ብሏት፣ ጉልበቷ አብጦ መራመድ ቢያቅታት ከአክስቷ ጋር ሶደሬ ፍል ውሃ ልኬያት ነበር። እዚያው ቀብረዋታል።

ከቀትር በኋላ ጨርቅ ነጋዴው ሼህ ሰዒድ ሊያጽናኑኝ መጡ።

«እርስዎ ዓረብኛ ያውቃሉ፤ ሪህ ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ምን ያደርግልዎታል፣ እትዬ?»

«ልጄን የወሰደውን ልወቀው።»

«ነፋስ ማለት ነው። የጥንት ሰዎች ነፋስ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ የሚያሳብጥ ይመስላቸው ነበር» አሉኝ።

አስካለ ነፋስ ትወድ ነበር። የአዳማ ነፋስ ሲነሣ ነጠላዋን ዘርግታ ደጅ ትቆማለች። «ግቢ፣ አቧራ ነው» ስላት ትስቅብኛለች።

አሁን መሽቷል። ሊያድሩልኝ የቀሩት ሴቶች ጓዳ ናቸው፤ እኔ በሩ አጠገብ ብቻዬን ተቀምጫለሁ። በሩ ይንኳኳል። ነፋስ መሆኑን እያወቅሁ ተነሥቼ ከፈትሁ። ደግሞ ተንኳኳ፤ ደግሜ ከፈትሁ።

ይህን ጽሑፍ የሚያገኝ ሰው ቢኖር፣ ወለተ ሥላሴ ብሎ ይጸልይላት። የክርስትና ስሟ ነው።